አውሮፓን ፍለጋ ሄጄ ጉለሌ ልቅሶ የተቀመጥኩበት ሳምንት

ከቡታጅራ ሰው አዲስ አበባ ያልረገጠ የለም። እኔም ስንት ጊዜ ሄጃለሁ፤ መርካቶ ገብቼ የጎደለኝን ሸምቼ በዚያው ቀን እመለሳለሁ። ጉለሌ ግን ሄጄ አላውቅም ነበር። እናንተም አትሄዱም፤ ምን ልታደርጉ ትሄዳላችሁ? ከመምህራን ክፍል እስከ ባጃጅ ተራ ድረስ "ምን ሆነህ መጣህ?" ብሎ ያልያዘኝ ሰው ስለሌለ፣ ለእያንዳንዱ እየቆምኩ ከማወራ አንዴ ጽፌው ልገላገል ብያለሁ።

ነገሩ የጀመረው በቴሌግራም በደረሰኝ ማስታወቂያ ነው። ጉለሌ ውስጥ ያለ የአንድ ዩኒቨርሲቲ የአውሮፓ ጥናት ማዕከል በቅርቡ የሚያካሂዳቸውን ሕዝባዊ ገለጻዎችና ዎርክሾፖች ይዘረዝራል። እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመት አውሮፓን አስተምሬያለሁ፤ በዓይኔ ግን አይቻት አላውቅም። ዝርዝሩን እንደ ራት ግብዣ እያጣጣምኩ ሳነብ መጨረሻው ላይ ደረስኩ። ከክልል ለሚመጡ የሁለተኛ ደረጃ መምህራን አንድ ዎርክሾፕ አለ፤ እያንዳንዱ መምህር የአሥር ደቂቃ ትምህርት ያቀርባል፤ የተመረጠው መምህር ወዳለበት ከተማ ማዕከሉ ቀጣዩን ሕዝባዊ ገለጻ ይዞ ይሄዳል ይላል።

ለአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቼ አነበብኩላቸው። ፊት ወንበር ላይ የምትቀመጠው ፈቲያ፣ "ቲቸር፣ እዚህ ድረስ ይመጣሉ? ለእኛ?" አለችኝ። የጠየቀችበት ድምፅ አንጀቴን በላው። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ከዩኒቨርሲቲ ተነሥቶ እኛ ክፍል የገባ አንድ ሰው የለም፤ ሁሌም ሄደን የምንሰማው እኛ ነን፣ መሄጃ ካገኘን። "አመጣላችኋለሁ" አልኩ። ምላሴ ቀደመኝ። ስልሳ ሁለት ተማሪ ሰምቷል፤ ከዚያ ወዲያ ማፈግፈግ የለም።

ረቡዕ

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መናኸሪያ ነበርኩ። የያዝኩት የልብስ ቦርሳ፣ ለእንግዳ ተቀባዬ አንድ ፌስታል በርበሬና ካርታው ነው። ካርታውን ተማሪዎቼ በአቡጀዴ ላይ በእጃቸው የሳሉት ነው፤ ተጠቅልሎ ሲቆም ቁመቱ እኔን ያህላል። ረዳቱ አይቶ፣ "ጋሼ፣ ይሄ ጣሪያ ላይ ይውጣ" አለኝ።

"አውሮፓ ጣሪያ ላይ አትወጣም" አልኩት።

"እሺ፣ አቅፈዋት ይሂዱ" አለኝ። አቅፌያት ሄድኩ።

ቡኢ ስንደርስ ጎማ ፈነዳ። ወረድንና ጎሚስታው ቤት በር ላይ ተኮልኩለን ቆምን። ጎሚስታው ወጣት ነው፤ ጎማውን እያገላበጠ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሱ እያወራ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጨረሰልን። አብረውኝ የተቀመጡት አሮጊት እስከዚያ ከዘንቢላቸው ቆጮና አይብ አውጥተው በግድ አጎረሱኝ። የት እንደምሄድ ሲጠይቁኝ፣ "ስለ አውሮፓ ልማር ጉለሌ እየሄድኩ ነው" አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡና፣ "አውሮፓ ጉለሌ ደረሰች?" አሉኝ።

አዲስ አበባ ስገባ ከታክሲ ታክሲ እየቀየርኩ፣ ካርታዬ የስንቱን ሰው ጆሮ እየነካ፣ አዲሱ ገበያ ደረስኩ። አዲሱ ገበያን የኛ መናኸሪያና የኛ ገበያ በአንድ አስፋልት ላይ ተደርበው አስቡት። ከዚያ ወደ ቁስቋም ሽቅብ ነው። እናንተ ሆዬ፣ እኛ ሜዳ ላይ ነው የምንኖረው፤ ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ባጃጅ አለን፤ ጉልበት ምን እንደሆነ አናውቅም። የጉለሌ ሰው ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ ተራራ ይወጣል። ሦስት ጊዜ ቆሜ ተነፈስኩ። በአራተኛው አንዲት ባልቴት እንስራ የሚያህል ጀሪካን አዝለው አልፈውኝ ስለሄዱ አፍሬ መራመድ ቀጠልኩ።

ያረፍኩት የምክትል ርዕሰ መምህራችን ታላቅ እህት፣ እትዬ ዘውድነሽ ቤት ነው። ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ ከቁስቋም ማርያም ዝቅ ብሎ ባለች ግቢ ለብቻቸው ይኖራሉ። ከዚያን ቀን በፊት አይተውኝ አያውቁም። በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ፤ ገና "እንደምን ዋሉ" ሳልል ጋቢ ደረቡብኝ። ብርዱን ለካ ከመንገድ ያመጣሁት ላብ ሸፍኖት ነው እንጂ አጥንት ይገባል። በርበሬውን በጣታቸው ጫፍ ቀምሰው፣ "በርበሬ ማለት ይሄ ነው፤ እኛ እዚህ የምንበላው ቀይ አፈር ነው" አሉ። ደስ አለኝ፤ እኔ የተመሰገንኩ ያህል።

ከበላን በኋላ፣ "እስቲ የምታቀርበውን አቅርብልኝ" አሉ። ካርታውን መጋረጃው ላይ በመርፌ ቁልፍ ሰቅዬ ጀመርኩ። የሕዝብ ብዛት፣ የወንዞች ርዝመት፣ የአባል አገሮች ዝርዝር፤ አንድም ሳልዘል ወረድኩት። ዘወር ስል ተኝተዋል።

"እትዬ፣ ጨረስኩ" አልኩ።

ነቁና ዓይናቸውን አሹ። "ልጄ፣ ካርታው ግሩም ነው። አንተ ግን ሬዲዮ ትመስላለህ። ወሬውን ታወራለህ እንጂ ለማን እንደምታወራ አታውቅም።"

ሐቀኛ ሰው ቤት ማረፍ ይኸው ነው። ስልሳ ሁለቱ ተማሪዎች ትዝ አሉኝና እንቅልፌ ቶሎ አልመጣም።

ሐሙስ

በዚህ ቀን ሕዝባዊ ገለጻ ነበር። ማዕከሉ በትልልቅ ዛፎች የተከበበ አሮጌ ግቢ ውስጥ ነው። አስተባባሪዋ ዶክተር ሜሮን ትባላለች፤ ቀጠን ያለች፣ ሰዓቷን ቶሎ ቶሎ የምታይ ሴት ናት። በር ላይ ስማችንን ከዝርዝሯ ላይ እየፈለገች፣ "እንኳን ደህና መጡ፤ ነገ ሁለት ሰዓት ተኩል እንዳያረፍዱ" ትለናለች። በዚያች ቀን ብቻ ይህችን ቃል ሦስት ጊዜ ነገረችኝ። ፊቴ ላይ ምን እንዳየች እንጃ።

አዳራሹ ሞልቷል። እኛ ጋ ስብሰባ ሲባል የሚመጣው የተጠራ ሰው ነው። እዚህ ማንም ያልጠራው ሰው መጥቷል፤ ተማሪው፣ ከራቫት ያደረገ ጡረተኛ፣ ቱታውን ሳያወልቅ የገባ መካኒክ። ፕሮፌሰሩ ከአውሮፓ የመጡ ረጅም ሽማግሌ ናቸው። በእንግሊዝኛ ይናገራሉ፤ ዶክተር ሜሮን በየመሃሉ በአማርኛ ታሳጥረዋለች። የተናገሩት ትልልቅና ትንንሽ አገሮች አንድ ጠረጴዛ ላይ እንዴት እንደሚቀመጡ ነው። ሊቀመንበርነቱ በየስድስት ወሩ ይዞራል፤ በአንዳንድ ጉዳይ ላይ አንዲት ትንሽ አገር እምቢ ካለች ሁሉም ይቆማል። ይህን በመጽሐፍ አውቀዋለሁ፤ ግን እዚያ ስብሰባ ውስጥ ከተቀመጠ ሰው አፍ ስሰማው ልቤ እንደ ልጅ ነው የዘለለው። አሥራ አንድ ገጽ ጻፍኩ።

መሃል ላይ ዝናብ መጣ። ያ የጉለሌ ዝናብ ከእንጦጦ ላይ በቀጥታ ነው የሚወርደው፤ የኛው እያንዣበበ ያስጠነቅቃል። ጣሪያው ያፈስ ጀመር፤ መጀመሪያ ጥግ ላይ፣ ቀጥሎ በፕሮፌሰሩ ራስ ላይ። አንዲት ተማሪ ተነሥታ ጃንጥላ ዘረጋችላቸው። እሳቸውም ከጃንጥላው ሥር ሆነው ቀጠሉ፤ አንድም ሰው አልወጣም። እንዲህ ያለ ትምህርት ወዳድ ሕዝብ ሳይ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ለምን እዋሻለሁ።

ሻይ ላይ ነገ የሚያቀርቡትን መምህራን ተዋወቅኳቸው። ከእኔ ሌላ አምስት ናቸው፤ አምስቱም ላፕቶፕ ይዘዋል። አንደኛው፣ መምህር ግርማ የሚባል ጨዋ ሰው፣ ትምህርት ቤታቸው አራት መቶ ሰው የሚይዝ አዳራሽ እንዳለው ነገረኝ። የእኔን ሲጠይቀኝ ወሬ ቀየርኩ። ቡታጅራ አራት መቶ ሰው ካለ ዛፍ ሥር ነው የሚቆመው።

ወደ ማታ መልእክት ደረሰን። አዳራሹ ስላፈሰሰ የነገው ዎርክሾፕ ከግቢው ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ በሚተከል ነጭ ድንኳን ውስጥ ይሆናል ይላል። እትዬ ዘውድነሽ፣ "ከጀርባ ከሆነማ በዋናው መንገድ ምን አዞረህ? በዚህ በቅያሱ ወርደህ፣ ወንዟን ተሻግረህ፣ ከፊትህ ታገኘዋለህ" አሉኝ።

ዓርብ

በቅያሱ ወረድኩ፣ ወንዟን ተሻገርኩ፣ ነጩን ድንኳን ከፊቴ አገኘሁት። ገና ሁለት ሰዓት ከሩብ ነው። ዶክተር ሜሮንን ቀደምኳት ብዬ ኮራሁ።

በሩ ላይ ነጠላ የለበሱ ሴትዮ ቆመዋል። "እዚህ ነው?" አልኳቸው።

"እዚሁ ነው፤ ይግቡ" አሉኝ በዝግታ።

ወንበሮቹ በሥርዓት ተደርድረዋል። ሰው ዝም ብሎ ተቀምጧል። ስገባ ሁሉም ከመቀመጫው ብድግ አለልኝ። ለመምህር ያላቸው ክብር ይገርማል ብዬ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ራሴን ዝቅ አደረግሁ። ጥግ ላይ አንድ ሽማግሌ መዝገብ ከፍተው ተቀምጠዋል። የተሳታፊ ምዝገባ ነው ብዬ ሄድኩና፣ "ተካ እባላለሁ፤ ከቡታጅራ ነው የመጣሁት" አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። "ከዚያ ድረስ? እግዜር ይስጥልን" አሉና በጥንቃቄ ጻፉኝ። ሻይና ዳቦ መጣልኝ። ካርታዬን ወንበሬ ሥር አስተኝቼ፣ ማስታወሻዬን አውጥቼ፣ የማቀርበውን በልቤ መከለስ ጀመርኩ።

አሁን ስትሰሙት እኔ ብቻ ጅል የሆንኩ ይመስላችኋል። ግን አስቡት፤ አገራችን ውስጥ ነጭ ድንኳን፣ የተደረደረ ወንበር፣ መዝገብና ሻይ ያለው ነገር ስንት ዓይነት ነው? ለልቅሶም ያው ነው፣ ለሠርግም ያው ነው፣ ለምርቃትም ያው ነው። ላፕቶፕ የያዙትን አምስቱን መምህራን አለማየቴ አላሳሰበኝም፤ አረፈዱ ብዬ ጭራሽ ደስ አለኝ።

ሦስት ሰዓት ሲያልፍ ቄስ ገቡ። በጸሎት መክፈታቸው ነው፣ እኛም ጋ ትልቅ ስብሰባ ላይ ሽማግሌ ይመርቃል አልኩ። ቄሱ ማስተማር ጀመሩ። ስለዚህ ዓለም አላፊነት፣ ስለ ተስፋ አስተማሩ። ጥሩ ትምህርት ነበር፤ ሁለት መስመር ጽፌያለሁ። ከዚያ፣ "ዛሬ ሠልስቱን የምናስበው ወንድማችን በየነ..." አሉ።

እስክሪብቶዬ ከእጄ ወደቀ።

ያን ጊዜ ነው ዓይኔ የተገለጠው። የሴቶቹ ነጠላ ተዘቅዝቋል። የድንኳኑ ግድግዳ ላይ የአንድ ፈገግ ያሉ ሽማግሌ ፎቶ አለ። የተቀመጥኩት የማላውቀው ሰው ልቅሶ ላይ ነው፤ ከነስሜ፣ ከነከተማዬ ተመዝግቤ። ቄስ እያስተማሩ ተነሥቶ መውጣት የለም። ሰዓቴን አየሁ፤ ተራዬ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ፈቲያ ፊቴ ላይ ድቅን አለች።

ቄሱ ሲጨርሱ የእድሩ ዳኛ ተነሡና ስም ጠሩ። ወዲያው ክርክር ተነሣ። አንድ አባል ቤታቸው ፈርሶ ወደ ሌላ ክፍለ ከተማ ተዛውረዋል፤ ግን ከእድሩ አልወጣም ይላሉ። ዳኛው፣ "ሰፈሩን የለቀቀ እድሩንም ይለቃል፤ ደንባችን ነው" አሉ። ሌላው ተነሥቶ፣ "ይህን ድንኳን ከሁላችንም ቀድሞ መጥቶ የተከለ እሱ ነው፤ ደንቡ ይሻሻል" አለ። አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አንሥተው፣ "እኔ ገና አልተስማማሁም" ሲሉ ሁሉም ጸጥ ብሎ ጠበቃቸው። ትናንት ፕሮፌሰሩ ከጃንጥላ ሥር የተናገሩትን ሁሉ ዛሬ በጎረቤት ድንኳን ውስጥ አየሁት። ጭንቀቴ መሃል ሳቄ መጣብኝ፤ ዋጥኩት።

ልወጣ ስነሣ አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት መንገዴ ላይ ቆመች፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ይሆናታል። ከጎኗ ኮፍያ ያደረጉ ጎልማሳ አሉ። "የሟች ልጅ ነኝ፣ ሰናይት እባላለሁ" አለችኝ። "ከቡታጅራ የመጡት እርስዎ ነዎት? አባቴ እዚያ ወዳጅ እንዳለው ነግሮን አያውቅም። በየት ነው የሚያውቁት?"

ዓይኗ አብጧል፤ ግን ብርሃን ነበረበት። አንድ ያልሰማችው የአባቷ ወሬ ልነግራት ነው ብላ ጓጉታለች። ለመዋሸት አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር፤ "ድሮ" ማለት ብቻ። አቃተኝ።

"ይቅርታ አድርጊልኝ እህቴ" አልኳት። "አባትሽን አላውቃቸውም። ስለ አውሮፓ ወደሚሰጥ ትምህርት ነበር የምሄደው፤ ድንኳኑን አይቼ ገባሁ።"

መሬት ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ አስለቀስኳት ብዬ ስደነግጥ ለካ ሳቅ ነው። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። "አባቴ ቢኖር ይቺን ወሬ ዓመት ያወራት ነበር" አለች። "ሳያውቁት ሁለት ሰዓት ተቀመጡለት። የሚያውቁትም እንዲህ አልተቀመጡለት።"

ኮፍያ ያደረጉት ጎልማሳ አቶ ሸምሱ ናቸው፤ ባለ ሱቅና የእድሩ ጸሐፊ። የስልጤ ሰው ናቸው፣ የኛው አገር። "ተራዎ ስንት ሰዓት ነው?" አሉኝ።

"አራት ተኩል።"

"አምስት ሊሆን ነው እኮ። ይነሡ፤ ጁምዓ ሳይደርስብኝ ላድርስዎ።" እጄን ይዘው ወጡ። አንድ የባሕር ዛፍ አጥር ዞርን፤ ሌላ ነጭ ድንኳን ቁጭ ብሏል። ሁለቱን የለየው ያ አጥር ብቻ ነበር። ካርታዬን ወንበር ሥር እንደተውኩት ያወቅኩት በሩ ላይ ስደርስ ነው።

አምስቱም አቅርበው ጨርሰዋል። ዶክተር ሜሮን ሰዓቷን እያየች፣ "መምህር ተካ፣ ተራዎ አልፏል። የት ነበሩ?" አለች።

"ልቅሶ ላይ።"

ፊቷ ተለወጠ። "ውይ፣ አዝናለሁ። ማን ሞተብዎ?"

"አላውቃቸውም" አልኩ።

ከዚያ በኋላ መደበቅ ምን ያደርጋል? የሆነውን ሁሉ ከመዝገቡ ጀምሮ ነገርኳቸው። ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ፤ ፕሮፌሰሩ ሲተረጎምላቸው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። ዶክተር ሜሮንም ሳቋን ስትጨርስ፣ "ከመዝጊያው ላይ ስድስት ደቂቃ እሰጥዎታለሁ" አለች።

ካርታ የለኝም። የወንዞቹ ርዝመት ሁሉ ከራሴ ጠፍቷል። ስለዚህ እኔ ያየሁትን እድር ነገርኳቸው። ትልቁም ነጋዴ ትንሹም ሊስትሮ አንድ ድምፅ ያለው ለምን እንደሆነ፣ ደንብ ሲጣስ ማን እንደሚቆጣ፣ የራቀ ሰው ለምን አልወጣም እንደሚል ነገርኳቸው፤ ወዲያው ደግሞ አውሮፓ ላይ እያስቀመጥኩ አሳየኋቸው። ለማን እንደማወራ አውቅ ነበር፤ ለፈቲያ ነበር የማወራው።

ፕሮፌሰሩ እጃቸውን አነሡ። "ከእድር የወጣ ሰው ተመልሶ መግባት ይችላል?" አሉ። ይህን አላውቅም፤ የኛ እድር ደንብ ራሱ የት እንዳለ አላውቅም። በር ላይ ወደ ቆሙት አቶ ሸምሱ ዞርኩ።

አቶ ሸምሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ይችላል" አሉ። "በሩ አይዘጋበትም። ግን የድሮ ቦታውን አያገኝም፤ ከመጨረሻው ወንበር እንደ አዲስ ይጀምራል። ሁላችንም እሺ ካልን ነው ደግሞ።"

ፕሮፌሰሩ ሲተረጎምላቸው ከወንበራቸው ተነሡ። "ይህን ለማስረዳት እኔ አንድ ሙሉ ሴሚስተር ይፈጅብኛል" አሉ። አቶ ሸምሱም፣ "እሺ፣ ጁምዓ ደርሶብኛል" ብለው ጨብጠዋቸው ሄዱ።

ቅዳሜ

ውጤቱ ሦስት ሰዓት ላይ ይነገራል ተብሏል። እኔ ቀድሜ ወደ ልቅሶው ቤት ሄድኩ፤ ካርታው የተማሪዎቼ ነውና ጥዬ አልሄድም። እንዴት ብዬ እንደምጠይቅ እያሰብኩ ስገባ ካርታው ተዘርግቷል። አራት ወንበር ላይ አጋድመውት አራት ሽማግሌዎች ዙሪያውን ከብበው የፖላንድ ወሰን የት ላይ እንደሆነ ይከራከራሉ።

ሰናይት መጥታ አጠገቤ ቆመች። አባቷ አዲሱ ገበያ አርባ ዓመት ጎሚስታ ነበሩ፤ የሰፈሩን ልጆች የተነፈሰ ኳስ በነፃ ይለጥፉ ነበር። "አባቴ አውሮፓን የሚያውቃት በጎማ ላይ በተጻፈው ነው" አለችኝ። ጣቷን ጀርመን ላይ፣ ፈረንሳይ ላይ፣ ጣሊያን ላይ አደረገች። "እነዚህን ይጠራልን ነበር። የት እንዳሉ ግን ዛሬ ነው ያየሁት።" ቡኢ ላይ ጎማችንን እያገላበጠ ያወራ የነበረው ወጣት ትዝ አለኝ። ምናልባት እሱም አገር እየቆጠረ ነበር። ካርታውን ጠቅልላ ስትሰጠኝ አመሰገንኳት፤ ምን ብዬ እንደሆነ አላስታውስም።

ማዕከሉ ስደርስ ዶክተር ሜሮን ቢሮዋ አስገባችኝ። ፕሮፌሰሩም አሉ። "የቀራችሁት ሁለት ናችሁ፤ እርስዎና መምህር ግርማ። የእርስዎን ወደነዋል። አንድ ነገር ግን ማወቅ አለብን፤ አዳራሽ አላችሁ?"

ይህቺን ጥያቄ ከሐሙስ ጀምሮ ስሸሻት ነበር። ትናንት ለሰናይት እውነቱን ተናግሬ ዛሬ ለዶክተር ሜሮን ልዋሽ? ስልሳ ሁለቱ ተማሪዎች ከፊቴ ተሰለፉ።

"የለንም" አልኩ። በመስኮቱ በኩል ትናንት ያቀረብኩበት ድንኳን ይታያል፤ ሠራተኞች ካስማውን እየነቀሉ ነው።

"ድንኳን ግን አለን" አልኩ። "እድራችን ድንኳን አለው።"

ዶክተር ሜሮን ፕሮፌሰሩን አየቻቸው። ፕሮፌሰሩ ጣሪያውን ቀና ብለው አዩ፤ ከሐሙስ የቀረ የውኃ ምልክት አለበት። "ቢያንስ አያፈስም?" አሉኝ።

"አያፈስም።"

ዶክተር ሜሮን ተነሥታ ሄደች፤ ኮሪደሩ ላይ የሚቀጥሉት ገለጻዎች ዝርዝር ካለበት ሰሌዳ ላይ፣ ከመጨረሻው መስመር ሥር፣ በሰማያዊ ማርከር "ቡታጅራ" ብላ ጻፈች። ፎቶ አነሣሁና ለክፍሉ ቴሌግራም ላክሁት። ፈቲያ መጀመሪያ መለሰች፦ "ቲቸር እውነት ነው?" ከዚያ በኋላ የመጣውን መልእክት መቁጠር አልቻልኩም። ኮሪደሩ ላይ ብቻዬን ቆሜ አለቀስኩ፤ እንኳንም ማንም ስሜን አልመዘገበ።

እትዬ ዘውድነሽ ስንቅ ቋጥረውልኝ ጠበቁኝ። ሁሉንም ስነግራቸው፣ "አየህ፣ ሬዲዮነቱን ትተህ ሰው ስትሆን" አሉ። በመንገዱ ላይ ጎማ አልፈነዳም፣ ረዳቱም ስለ ካርታው አልጨቀጨቀኝም፤ አመሻሹ ላይ ቤቴ ገባሁ።

ስመለስ

አንድ ነገር ቀርቶኝ ነበር። ድንኳን አለን ያልኩት እድሩን ሳልጠይቅ ነው። እሑድ ዳኛችንን ጋሽ ወልዴን ቤታቸው ሄጄ አገኘኋቸው። እስክጨርስ አዳመጡኝ። "ለልቅሶ ሰጥተናል፣ ለሠርግ ሰጥተናል" አሉ። "ለአውሮፓ ግን ሰጥተን አናውቅም።"

"ጋሼ፣ ቃል ገብቻለሁ።"

"ለነማን?"

"ለልጆቹ።"

አገጫቸውን አሹ። "እሺ፤ አንድ ነገር ግን ይታወቅ። በዚያ ቀን ሰው ከሞተ ድንኳኑ የሟች ነው። አውሮፓ ውጭ ቆማ ትጠብቃለች።" ለዶክተር ሜሮን ደውዬ ስነግራት ለፕሮፌሰሩ አስተላለፈችላቸው፤ "ትክክለኛ ደንብ ነው" ብለዋል አለችኝ።

እንግዲህ የአገሬ ሰዎች፣ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ነጭ ድንኳን ስታዩ አትደንግጡ። ፈቲያ በሩ ላይ የሚሰቀለውን በቀይ ቀለም ጽፋ ጨርሳለች፦ "ማንም አልሞተም፤ ይግቡ።" አቶ ሸምሱ ይመጣሉ፤ ሰናይትም እመጣለሁ ብላለች። በሩ ላይ እኔ ራሴ መዝገብ ይዤ እቀመጣለሁ። ወደ ሌላ ቦታ ስትሄዱ ተሳስታችሁ ብትገቡም ከየት መጣችሁ ብዬ ስማችሁን በጥንቃቄ እጽፋለሁ፤ እኔም ጉለሌ የተጻፍኩት እንደዚያ ነው።